ገደሉ የማን ነው? የሻዋንገንክ ቋጥኞችና የመግባት መብት

ለምክር ቤት አባላት ጽሕፈት ቤት ባልደረቦችና ለማኅበረሰብ አንቀሳቃሾች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከኒው ዮርክ ከተማ በስተ ሰሜን 90 ማይል ያህል ርቆ፣ ኒው ፖልዝ ከተባለችው ትንሽ ከተማ ወደ ምዕራብ ሲታይ፣ ሻዋንገንክ የሚባል የተራራ ሰንሰለት ይገኛል። በጫፉ ላይ የኳርትዝ ጠጠሮች ተጣብቀው የፈጠሩት ነጣ ያለና እጅግ ጠንካራ ገደል ለማይሎች ተዘርግቷል። በዚህ ገደል ላይ «ሃይ ኤክስፖዠር» የተሰኘ፣ ቁመቱ ወደ 250 ጫማ የሚደርስ መንገድ አለ። መንገድ ሲባል ግን የተጠረገ ወይም የተነጠፈ ነገር አይደለም፤ ሰው በእጁና በእግሩ እየያዘ ወደ ላይ የሚሄድበት፣ በድንጋዩ ላይ በልምድ የታወቀ መስመር ነው።

የመንገዱ ክብደት በአሜሪካ መለኪያ 5.6 ነው። በገመድ የሚደረግ አወጣጥ ከ5.0 ጀምሮ ዛሬ እስከ 5.15 ስለሚመዘን፣ 5.6 መካከለኛ፣ እንዲያውም ወደ ቀላሉ ያዘነበለ ነው። ቢሆንም ቋጥኝ ወጪው ከሰፊው እርከን ተነሥቶ፣ ከተንጠለጠለው ድንጋይ ሥር ወደ ውጭ ዞሮ ሲወጣ፣ ከእግሩ በታች የሚታየው የዛፍ ጫፍ ብቻ ነው። ስሙም ይህንኑ በአየር ላይ መጋለጥ ያመለክታል። ይህ መንገድ «ትራዲሽናል»፣ ባጭሩ «ትራድ» ከሚባለው ወገን ነው። መሪው ወደ ላይ በሄደ ቁጥር በስንጥቆቹ ውስጥ የብረት ሽብልቅ ወይም በሞላ የሚከፈት መሣሪያ ከትቶ ገመዱን ያያይዛል፤ ተከታዩ ደግሞ በደረሰበት ሁሉ መሣሪያውን ነቅሎ ይሰበስባል።

እንዲህ ያለ ጉዳይ በፖሊሲ መድረክ ላይ ለምን ይነሣል? ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ወደዚህ ገደል ግርጌ በእግሩ ሄዶ እንዲቆም የመሬት ባለቤትነት፣ የጉዳት ተጠያቂነት፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ፣ የመንግሥት መመሪያና የማኅበረሰብ ልማድ በአንድ ላይ መስማማት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ገደሉ ይዘጋል። የመንገዱ መካከለኛነትም ለጉዳዩ ዋና ነገር ነው። እጅግ ከባድ መንገዶችን የሚወጡ ጥቂቶች ገንዘብና ጊዜ አውጥተው የትም ይደርሳሉ። የመግባት መብት እውነተኛ መሆኑ የሚፈተነው ተራው ሰው፣ የቅዳሜ እረፍቱን ብቻ ይዞ የሚመጣው ሠራተኛ፣ ሊደርስበት በሚችለው መንገድ ላይ ነው። ለጥቂት ጀግኖች ብቻ የተከፈተ ገደል ክፍት ነው አይባልም።

የሁለት ስደተኞች ሥራ

«ሃይ ኤክስፖዠር» ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው በ1941 ነው። የወጡት ሁለቱም ስደተኞች ነበሩ። ፍሪትዝ ቪስነር በ1900 በጀርመን ድሬስደን ተወልዶ በ1929 ወደ አሜሪካ የመጣ ሲሆን፣ የሻዋንገንክን ገደሎች ለቋጥኝ ወጪዎች ያስተዋወቀው በ1935 ነው። ሃንስ ክራውስ በ1905 በትሪየስቴ ተወልዶ በቪየና ሕክምና ተምሯል፤ ኒው ዮርክ የደረሰው በ1938፣ ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙበት ዓመት ነው።

የክራውስ ታሪክ ከገደሉ አልፎ ዋሽንግተን ይደርሳል። ሐኪሙ ከሶንያ ቬበር ጋር ሆኖ ቀላል የጡንቻ ብቃት መመዘኛ አዘጋጀ። በኋላም እዚያው በሻዋንገንክ ቋጥኝ ከምትወጣው ከቦኒ ፕሩደን ጋር የአሜሪካንና የአውሮፓን ሕፃናት መዘነ። ከአሜሪካ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወደቁ፤ ከአውሮፓ ሕፃናት ግን የወደቁት ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ውጤቱ በ1955 ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቀረበ፤ በ1956 የወጣቶችን የአካል ብቃት የሚከታተል የፕሬዚዳንቱ ምክር ቤት ተቋቋመ። በ1961ም ክራውስ የፕሬዚዳንት ኬኔዲን የጀርባ ሕመም አክሟል። ስለዚህ «ስደተኛው በሕዝብ መሬት ተጠቃሚ ብቻ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። መጤዎች መንገዱን አገኙ፤ ከዚያም አልፈው የአገሪቱን ፖሊሲ ቀረጹ።

ይሁንና በር የሚዘጋው በአጥር ብቻ አይደለም። በ1950ዎቹ የአፓላችያን ተራራ ክበብ በሻዋንገንክ ማን መምራት እንደሚችልና ማን እንደማይችል በራሱ ፈተናና ፈቃድ ይወስን ነበር። ዓላማው ደኅንነት ቢሆንም፣ ውጤቱ ክበቡን የማያውቅ ወጣት በገደሉ ሥር እንግዳ እንዲሆን ማድረግ ነበር። በዚህ ያመፁ ወጣቶች፣ «ቨልጋሪያንስ» የተባሉት፣ ሥርዓቱን ንቀው መውጣት ቀጠሉ፤ በ1960ዎቹም የክበቡ ቁጥጥር ላላ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሕግ የከፈተውን ልማድ ሊዘጋው ይችላል። ዛሬም በብዙ ቦታ በሩን የሚጠብቀው ሕግ ሳይሆን «እንዲህ ያለው ስፍራ የእኛ ዓይነት ሰው ቦታ አይደለም» የሚል ያልተጻፈ ስሜት ነው።

ራስን መግታት የሚያስገኘው አመኔታ

በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ቋጥኝ ወጪዎች ይጠቀሙ የነበረው ፒቶን የተባለውን፣ በመዶሻ ተመትቶ ስንጥቅ ውስጥ የሚገባ የብረት ችካል ነው። አንድ ችካል በተመታና በተነቀለ ቁጥር ስንጥቁ ይሰፋል፤ ጠርዙ ይረግፋል። የሰው ቁጥር ሲበዛ ድንጋዩ መቁሰሉ በዓይን ይታይ ጀመር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሻዋንገንክ ይወጣ የነበረው የፊዚክስ ባለሙያ ጆን ስታናርድ፣ ሰዎች መዶሻውን ትተው በእጅ የሚከተት ሽብልቅ እንዲጠቀሙ ያለማቋረጥ ቀሰቀሰ። ለዚሁ ብሎ «ዘ ኢስተርን ትሬድ» የተባለ የዜና ወረቀት ያሰራጭ ነበር። በ1972 የኢቮን ሹዊናርድ መሣሪያ አምራች ድርጅት በካታሎጉ ላይ ይህንኑ ሐሳብ ደገፈ። ድርጅቱ ራሱ ከፒቶን ሽያጭ ይኖር ስለነበር ነገሩ በገዛ ገበያው ላይ እንደ መፍረድ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ልማዱ ተለወጠ። ለውጡን ያመጣው ፖሊስ ወይም ቅጣት ሳይሆን የተጠቃሚዎቹ ስምምነት ነው።

ይህ ለፖሊሲ አውጪ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ባለመሬት ወይም መንግሥት በሩን ክፍት የሚያደርገው ተጠቃሚው ራሱን መግዛት እንደሚችል ሲያይ ነው። የመግባት መብትን የሚጠይቅ ማኅበረሰብ ጥያቄውን ሲያቀርብ የገዛ ሥርዓቱንም አብሮ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ሁለት ዓይነት ባለቤትነት

የሻዋንገንክ ዋነኞቹ ገደሎች የመንግሥት አይደሉም። መሬቱ ለረጅም ጊዜ በ1869 የሞሆንክን የተራራ ሆቴል ባቋቋመው በስማይሊ ቤተሰብ እጅ ነበር። በ1963 ከይዞታው ከፊሉን ለጥበቃና ለሕዝብ ጥቅም የሚይዝ ባለአደራ ድርጅት ተቋቋመ፤ ይህም ዛሬ ሞሆንክ ፕሪዘርቭ የሚባለውና ወደ 8,000 ኤከር የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ወደ «ሃይ ኤክስፖዠር» ለመሄድ የሚፈልግ ሰው የቀን ክፍያ ይከፍላል ወይም ዓመታዊ አባል ይሆናል። ከዚህ ገቢና ከስጦታ ጥበቃው ይቀጠራል፤ የእግር መንገዱ ይጠገናል፤ ተጎጂ ሲኖር የነፍስ አድን ቡድን ይደርሳል።

ሌላው ሞዴል በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው የሴኔካ ሮክስ ነው። ከወንዙ በላይ ወደ 900 ጫማ የሚነሣው ይህ የኳርትዛይት ስስ ግንብ፣ በ1943 እና በ1944 የአሜሪካ ጦር ለተራራ ውጊያ የሚሰለጥንበት ቦታ ነበር። ኮንግረስ በ1965 አካባቢውን ብሔራዊ የመዝናኛ ክልል አድርጎ ሰየመ፤ ቋጥኙንም መንግሥት በ1969 ከግል ባለቤቱ ገዛው። ዛሬ በፌዴራሉ የደን አገልግሎት ሥር ነው። መካከለኛና ቀላል የትራድ መንገዶቹ ብዙ ሲሆኑ፣ ለመውጣት የመግቢያ ክፍያ አይጠየቅም።

ሁለቱም ሞዴሎች ገደሉን ከመሸጥና ከመከለል አድነዋል። ልዩነታቸው ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ነው። በባለአደራው ሞዴል ተጠቃሚው በየጉብኝቱ ይከፍላል፤ ለአንድ ቤተሰብ ይህ ከመኪና ኪራይና ከነዳጅ ጋር ሲደመር ሊከብድ ይችላል። በመንግሥት ሞዴል ሸክሙ በሕዝብ ገንዘብ ላይ ይወድቃል፤ በጀት ሲቀነስ ግን ጥገናውና ጠባቂው አብረው ይቀንሳሉ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። የፌዴራሉ የመሬትና የውኃ ጥበቃ ፈንድ ይህን ሸክም የማከፋፈያ መሣሪያ ነው። ፈንዱ በ1965 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በዋናነት ገቢ የሚያገኘው ከባሕር ላይ የነዳጅና የጋዝ ቁፋሮ ነው። በ2019 ዘላቂ ሕጋዊ መሠረት አገኘ፤ በ2020 ደግሞ በየዓመቱ 900 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብለት ተወሰነ።

ሰው ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?

የግል ባለመሬት በሩን የሚዘጋበት ዋነኛ ምክንያት ጥላቻ ሳይሆን ፍርሃት ነው። «እንግዳ መጥቶ ቢወድቅና ቢከሰኝ?» ይላል። ለዚህ ሲባል 50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ለመዝናኛ መሬቱን በነጻ የሚከፍትን ሰው ከተጠያቂነት የሚከላከሉ ሕጎች አሏቸው። መርሑ ተመሳሳይ ነው፤ ባለመሬቱ ሆን ብሎ ወይም በክፋት አደጋን ካልደበቀ፣ ለእንግዳው ስፍራውን አመቻችቶ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም።

ነገሩ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ነው። አንዳንድ ግዛቶች «ማንኛውም መዝናኛ» ብለው በሰፊው ሲጽፉ፣ ሌሎች ድርጊቶቹን አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። የኒው ዮርክ ሕግ ለረጅም ዓመታት በዘለቀው ዝርዝሩ አደንን፣ ዓሣ ማጥመድን፣ የእግር ጉዞን፣ ዋሻ መጎብኘትን፣ በአየር ተንሳፋፊ መብረርን ሳይቀር ሲጠቅስ፣ በገደሎቹ የታወቀችው ይህች ግዛት ቋጥኝ መውጣትን በስም አልጠቀሰችም። በዚህ ላይ ጥበቃው ክፍያ በሚያስከፍል ባለመሬት ላይ አይሠራም። ስለዚህ ጥገና የሚያስፈልገው መሬት ገቢ ካገኘ ከለላውን ያጣል፤ ከለላውን ከያዘ ገቢውን ያጣል። ትልቅ ድርጅት ኢንሹራንስ ገዝቶ ይህን ያልፋል፤ በአጠገቡ ያለ ትንሽ ባለመሬት ግን «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ መስቀል ይቀለዋል። አንድ ቃል በሕጉ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ብዙ ሰሌዳዎችን ሊያወርድ ይችላል።

ጭልፊቱና የተዘጋው ወቅት

በገደሉ ላይ መብት ያለው ሰው ብቻ አይደለም። ፔሪግሪን የተባለው ጭልፊት በገደል እርከን ላይ ይፈለፍላል። ዲዲቲ የተባለው የተባይ መርዝ የእንቁላሉን ቅርፊት እያሳሳ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በምሥራቃዊ አሜሪካ አእዋፉ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። መርዙ በ1972 ታገደ፤ በምርኮ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ወደ ዱር ተለቀቁ፤ በ1999 ጭልፊቱ ከፌዴራሉ የአደጋ መዝገብ ወጣ። በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻም በሻዋንገንክ እንደገና መፈልፈል ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ጎጆ በሚታይበት ክፍል ያሉ መንገዶች ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ለጊዜው ይዘጋሉ። አሠራሩ የሚመሰገነው ጠባብና ተከታታይ በመሆኑ ነው። ሙሉ ገደሉ አይዘጋም፤ ጠባቂዎችና በጎ ፈቃደኞች ጎጆውን እየተመለከቱ ክልሉን ያሰፋሉ ወይም ያጠባሉ፤ ጎጆው ባዶ ሲሆን መንገዱ ይከፈታል። ቋጥኝ ወጪዎችም በአብዛኛው ያከብሩታል፤ ምክንያቱን ያውቃሉና። ጥበቃንና ተደራሽነትን እንደ ጠላቶች ለሚያይ ሰው ይህ በቂ መልስ ነው።

የፌዴራሉ ሕግና ቋሚ መልህቆች

የ1964ቱ የዱር ምድር ሕግ በተከለሉ ዱሮች ውስጥ ግንባታና ተከላ ይከለክላል። በኅዳር 2023 ገደማ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎትና የደን አገልግሎት ባወጧቸው ረቂቅ መመሪያዎች፣ በድንጋይ ላይ የሚቀር ብሎን ወይም መልህቅ በዚህ ክልከላ ሥር እንዲታይና እያንዳንዱ በልዩ ጥናት እንዲፈቀድ ሐሳብ አቀረቡ። ሁለቱም ረቂቆች አልጸደቁም።

ትራድ መንገድ ብሎን የማይፈልግ ከሆነ ጉዳዩ ለምን ያሳስበዋል? መልሱ በመውረጃው ላይ ነው። ብዙ መካከለኛ መንገዶች በንጹሕ መሣሪያ ይወጣሉ፤ ሆኖም ከጫፍ በእግር መውረጃ ከሌለ በገመድ የሚወረደው በቋሚ መልህቅ ነው። ያረጀ መልህቅ ሳይቀየር ከቀረ ሰው የሚታመነው በዛገ ብረት ይሆናል። በአንጻሩ የዱር ተሟጋቾች «ገደብ የሌለው ብሎን ዱሩን የስፖርት አዳራሽ ያደርገዋል» የሚሉት ስጋትም ከንቱ አይደለም።

ሴኔቱ በታኅሣሥ 2024 አጽድቆ፣ ፕሬዚዳንት ባይደን ጃንዋሪ 4 ቀን 2025 የፈረሙት «ኤክስፕሎር» የተባለው የመዝናኛ ሕግ መካከለኛውን ጎዳና ይዟል። ሕጉ ቋጥኝ መውጣትንና ቋሚ መልህቆችን መትከል፣ መጠቀምና መጠገንን በዱር ምድር ተገቢ ሊሆን የሚችል ተግባር አድርጎ ያውቃል፤ መሥሪያ ቤቶቹ ግን የመቆጣጠር ሥልጣናቸውን ይይዛሉ። በ18 ወራት ውስጥም መመሪያ እንዲወጣ ያዛል። በዚያው ሕግ ለመሪዎችና ለትርፍ ላልቆሙ ቡድኖች የፈቃድ አሰጣጡ እንዲቀል ተደንግጓል፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ወደ ፌዴራል መሬቶች በነጻ የሚገቡበት መርሐ ግብርም ተራዝሟል። አፈጻጸሙ የሚወሰነው በሕጉ ቃል ብቻ ሳይሆን በየደኑና በየፓርኩ በሚጻፈው መመሪያ ነው፤ አስተያየት የሚሰጥ ሰው የሚያስፈልገውም እዚያ ላይ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ምኑ ነው?

ገደልን በገመድ ወይም በእጅ ይዞ መውጣት ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። በደብረ ዳሞ ወደ ገዳሙ የሚገባው ሰው በገመድ ተይዞ ይወጣል፤ በገርዓልታ ወደ አቡነ የማታ ጉህ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ምእመን ጫማውን አውልቆ በድንጋዩ ላይ በተቆፈሩ መያዣዎች ይወጣል። ጸሎትና መዝናኛ አንድ አይደሉም። ሆኖም በሁለቱም ዘንድ ገደሉ ጠባቂና ሥርዓት አለው፤ ደብረ ዳሞ ለሴቶች ዝግ በመሆኑ እንደሚታየውም፣ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ድንጋዩ ሳይሆን ሥርዓቱን የያዘው አካል ነው። ማኅበረሰቡ ይህን ከነትርጉሙ ያውቀዋል።

በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረው ማኅበረሰብ ከሲልቨር ስፕሪንግ በአጭር ጉዞ የካርደሮክ ቋጥኞችን፣ በጥቂት ሰዓታት መንገድ ደግሞ ሴኔካን ያገኛል። ሁለቱም የሕዝብ መሬት ናቸው። ይሁን እንጂ የጭልፊት መዝጊያ ማስታወቂያ፣ የወንዝ ሙላት ማስጠንቀቂያና የቡድን ፈቃድ ቅጽ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሆኑ፣ መብቱ ለብዙ ወላጆች በወረቀት ላይ ይቀራል። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በፌዴራል ደረጃ ግን የቋንቋ አገልግሎትን ያዝ የነበረው የ2000 ዓመቱ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በማርች 2025 ስለተሻረ፣ ትርጉሙ በየመሥሪያ ቤቱ ውሳኔና በማኅበራት ጥረት ላይ ወድቋል።

ምክረ ሐሳቦች

1. የግዛት ምክር ቤት ባልደረቦች የግዛታቸውን የመዝናኛ መሬት ሕግ ዝርዝር ያንብቡ፤ ቋጥኝ መውጣት በስም ካልተጠቀሰ ማሻሻያ ያርቅቁ። ለጥገና ብቻ የሚውል መጠነኛ ክፍያ ከለላውን እንዳያስቀር አብረው ያስቡ።

2. የኮንግረስ ባልደረቦች የ2025ቱ ሕግ የሚያዘው መመሪያ ነባር መልህቆችን በፍጥነት ለመቀየር የሚፈቅድ፣ አዲስ ተከላን ግን በአስፈላጊነት የሚመዝን እንዲሆን ይከታተሉ።

3. የመሬትና የውኃ ጥበቃ ፈንድ ገንዘብ ሲመደብ፣ ከብዙ ሕዝብ መኖሪያ በቀን ጉዞ የሚደረስባቸው ገደሎችና ወደ ግርጌያቸው የሚወስዱ መንገዶች ቅድሚያ ይሰጣቸው።

4. ባለአደራ ድርጅቶች ለወጣት ቡድኖችና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ከክፍያ ነጻ ቀናት ይወስኑ፤ ኪሳራውን በስጦታ ገንዘብ ይሸፍኑ።

5. የማኅበረሰብ ድርጅቶች፣ የወጣቶች ማኅበራትና ሰንበት ትምህርት ቤቶች ከመሬት አስተዳዳሪዎች ጋር ተነጋግረው የመዝጊያና የአደጋ ማስታወቂያዎችን በአማርኛ ያዘጋጁ፤ በእግር መንገድ ጥገና ቀናትም ሰው ያሰልፉ። በጥገና ላይ የታየ ማኅበረሰብ በስብሰባ ላይም ይደመጣል።

ክቡራትና ክቡራን፣

ከ1941 ወዲህ በ«ሃይ ኤክስፖዠር» ላይ ድንጋዩ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። የተለወጡት በዙሪያው ያሉት ነገሮች ናቸው፤ ባለቤቱ፣ መሣሪያው፣ ልማዱ፣ ጭልፊቱና ሕጉ። እያንዳንዱ ለውጥ የመጣው አንድ ሰው ደብዳቤ ስለጻፈ፣ መሬት ስለሰጠ፣ መዶሻውን ስለጣለ ወይም በምክር ቤት ስለተከራከረ ነው። በሚቀጥለው ዙር መመሪያ ሲረቀቅና የአስተያየት ቀን ሲታወጅ፣ በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ስም የሚቀርብ ጽሑፍ በመዝገቡ ውስጥ መገኘት ይኖርበታል። ቀነ ገደቡን ለመከታተል፣ ረቂቁን ለማንበብና አስተያየቱን ለመጻፍ የሚያስፈልጉት ሰዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል።